ከመኪናው ሥር የመጣ ጥያቄ

ውድ ዛንዶሊ፣

እንደምን አለህልኝ? ጣራ ልትሠራላት የሄድክባት ካሪያኩ ደሴት ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ ቀና ማለት ጀመረች? ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጀልባው ካፒቴን አልሲድ ነው። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የጠቀለልኩትን ዳቦ ሰጥቼዋለሁ፤ ዳቦው ካልደረሰህ በልቶታል ማለት ነውና ዓይን ዓይኑን እያየህ ጠይቀው። ስልኩንማ ታውቀዋለህ። አንተ ጣራ ላይ ሆነህ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትል፣ እኔ ምድጃው ፊት ቆሜ «እሰማሃለሁ» ስል ይቋረጣል። ደግሞም ዛሬ የምነግርህ ነገር በአንድ እጅህ መዶሻ ይዘህ የምትሰማው አይደለም። ውረድና ጥላ ፈልገህ ተቀመጥ።

የጠየቅከኝን አልረሳሁም። ይህን ሁሉ ዓመት ሳንጋባ አብረን ኖረን፣ ከመሄድህ በፊት ደሴቲቱን ስንዞር ታገቢኛለሽ ወይ አልከኝ፤ እኔም አልመለስኩልህም። አንተም ሳትቆጣ፣ ሳታኮርፍ፣ መዶሻህን ሸክፈህ ጀልባ ላይ ወጣህ። መልሱን እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ታገኘዋለህ። ግን ጋዜጣ ስታነብ እንደምታደርገው ከመጨረሻው ገጽ እንዳትጀምር። ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ አይገባህም፤ ከሥሩ ካልነገርኩህ ደግሞ እኔም አይወጣልኝም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ወጥቼ ፒክአፕህን ታጥባ ሳገኛት ደነገጥኩ። ያቺ መኪና ስትታጠብ ያየሁት እናትህ የተቀበሩ ዕለትና ልጃችን ጆስሊን ከነርስ ትምህርት ቤት የተመረቀች ዕለት ብቻ ነው።

«ማን ሞተ?» አልኩህ።

«ማንም አልሞተም። ደሴቲቱን ልናያት ነው።»

«የቷን ደሴት?»

«የኛን ነዋ! ስንት አለችን?»

«እሷንማ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃታለሁ።»

«የት አባሽ ታውቂያታለሽ? ከምድጃሽ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን። ካሪያኩ ከመሄዴ በፊት አንዴ እንኳ ዞር ዞር ብለን እንያት። ሰፈሩ ለአንድ ቀን ዳቦ ባይበላ አይሞትም።»

እሺ አልኩህ፤ በሆዴ ግን ሌላ ነበር የማስበው። ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር የሚያጠፋ ሰው ዝም ብሎ ደሴት አይዞርም። ወይ ሐኪም አንድ ክፉ ነገር ነግሮታል፣ ወይ ካሪያኩ ላይ የምትጠብቀው ሴት አለች፣ ወይም ሁለቱም ነው ብዬ ደመደምኩ። የባር ደ ሊልን ተራራ እስክናልፍ ድረስ ጫካውን አላየሁትም፤ የማየው ያንተን ፊት ነበር። ፊትህ ደግሞ የታመመ ሰው ፊት አይደለም፤ እንዲያውም ታፏጫለህ። ስለዚህ ሴት ናት አልኩ።

በየመታጠፊያው ክላክስ ታደርጋለህ። ክላክስ ባደረግክ ቁጥር ደግሞ ከየቤቱ በር፣ ከየሙዝ እርሻው «ዛንዶሊ! ዛንዶሊ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ካስትሪስ ከተማ መግቢያ ላይ ትራፊኩ ሳይቀር አስቆመህና «አንት እንሽላሊት፣ ዛሬ ምድር ላይ ምን ትሠራለህ? ጣራ አለቀ እንዴ?» አለህ። በልጅነትህ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ወጥተህ የተሰቀለ የወረቀት ካይት ባወረድክ ዕለት እንሽላሊት ለማለት የወጣልህ ዛንዶሊ የሚለው ስም ይኸው ደሴቲቱን ሁሉ አዳርሷል። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። አልነገርኩህም እንጂ ከካስትሪስ በኋላ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ያወረድኩት፣ ሰላም የሚልህ ሰው አጠገብህ የተቀመጥኩት ማን እንደሆንኩ እንዲያይ ብዬ ነው።

ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ስንታጠፍ ባሕሩ ከታች ብልጭ አለ። እኔ የማውቀው የኛን ባሕር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲደነፋ የሚውለውን፣ ዓሣ አጥማጁን ሳይሰድብ የማይለቀውን። የዚያኛው ወገን ባሕር ግን ለጥ ብሎ ተኝቷል። «እየው! እየው እንጂ!» ብዬ ትከሻህን ስይዝህ፣ አንተ ወዲያ ማዶ አንገትህን አስግገህ፣

«ያንን ቆርቆሮ የመታ ሰው እጁ ይሰበር! ምስማሩን የቆርቆሮውን ጉብታ ትቶ ረባዳው ላይ መታው እኮ። ዝናብ ሲመጣ አልጋቸው ላይ ነው የሚወርደው» አልክ።

«ሰውዬ፣ ባሕር እያሳየሁህ ነው!»

«አየሁት። ሰማያዊ ነው።»

አንስ ላ ሬን መንደርን ስናልፍ ስለ ቆርቆሮ፣ ከዚያም ስለ ወራጅ፣ ከዚያም ስለ አሸንዳ አወራህ። ያን ሁሉ ገደልና ያን ሁሉ የኮኮናት ዛፍ አልፈህ ያየኸው ጣራ ብቻ ነው። ካናሪስ ሳንደርስ ኮረብታው ላይ የካሳቫ ዳቦ የሚጋግሩት ጋ ስንቆም ግን ተራው የኔ ሆነ። ዳቦውን ከመቅመሴ በፊት ጎንበስ ብዬ ምድጃውን አየሁ፤ በምን እንጨት እንደሚያነዱት ጠየቅኩ፤ ኮኮናቱን መች እንደሚጨምሩት ጠየቅኩ። ጋጋሪዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«እህቴ፣ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ልትፈትሺን?» አለችኝ።

አንተም ከኋላዬ ሆነህ፣ «ተያት፣ ሌላ ሰው የጋገረውን ሳታማ አይዋጥላትም። እኔን የወሰደችኝም እንደኔ ያለ ሌላ ማንም ስላልጋገረ ነው» አልካት። ሴትዮዋ ሳቀችና አንድ ትኩስ ዳቦ መረቀችልን። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በልተን ስንጨርስ ፍርፋሪውን ከጉልበትህ ላይ ለቅሜ በላሁት። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዛንዶሊ። ሴትም ብትኖርህ፣ በሽታም ቢኖርህ፣ ለዚያች ሰዓት ምንም አልጎደለኝም።

ከዚያ ሱፍሪዬር ከመውረዳችን በፊት ደሴቲቱ የምትታወቅባቸው ሁለቱ ተራሮች ፊት ለፊት የሚታዩበት ቦታ አቆምክ። ሸሚዝህን ወደ ሱሪህ ከተትክ፤ ጉሮሮህን ጠረግክ። ይኸው መጣ፣ ሊነግረኝ ነው አልኩ። «ሌዮ» ብለህ ስትጠራኝ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት ዱብ አለብን። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት ስልኳን እጅህ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አንሳን አለችህ። አነሳሃቸው። ከዚያ ጓደኛዋ መጣች፤ ከዚያ የጓደኛዋ ባል። አንተ ደግሞ እምቢ ማለት አታውቅም፤ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ተራራውን ጋረድሽው» እያልክ ሁሉንም አነሳሃቸው። አውቶቡሱ ሲሄድ ላብህ ሸሚዝህን አርሶታል። «በይ እንሂድ» ብቻ አልከኝ። እኔ በሳቅ ልሞት ነበር፤ ያልሳቅኩት ምን ልትለኝ እንደነበር ስላላወቅኩ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የመኪናዋ ማርሚታ ተላቆ አስፋልቱን መጎተት ጀመረ። የታጠበች ዕለት መሆኑ ነው። አንተም ያንን ንጹሕ ሸሚዝህን ለብሰህ ከሥር ገባህ። ከአንተ የቀረኝ ሁለት እግር ብቻ ነው። እኔ ሽቦ ይዤ መንገዱ ዳር ቆሜያለሁ። እግሮችህ ትንሽ ተንቀሳቀሱና ዝም አሉ።

«ሌዮ።»

«አቤት።»

«ታገቢኛለሽ?»

«ምን አልክ?»

አንዲት ፍየል እንኳ አልጮኸችም። ቆይተህ፣

«ሽቦውን አቀብዪኝ አልኩ» አልክ።

አቀበልኩህ። ሰምቼሃለሁ፣ ዛንዶሊ፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻታለሁ። «ምን አልክ» ያልኩህ እንደገና እንድትለው ፈልጌ ይሁን እንዳትለው ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሽታም የለህም፣ ሴትም የለችህም። ደስታዬ ከፍርሃቴ ጋር አንድ ላይ መጥቶብኝ መኪናው ላይ ተደገፍኩ።

ጋብቻ ለምን እንደምፈራ ደህና አድርገህ ታውቃለህ፤ የእህቴን የማርስሊንን ቤት አይተሃል። ባሏ ሳይጋቡ በፊት ውሃ የሚቀዳ፣ ሕፃን የሚያዝል፣ «ዱዱ፣ የኔ ውድ፣ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» የሚል ሰው ነበር። ቀለበቱን ካደረገላት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ምግቤስ?» ማለት ጀመረ። ያው ሰው፣ ያው ወንበር! ከዚያ ወዲህ የጋብቻ ነገር በተነሳብኝ ቁጥር እየሳቅኩ አልፈዋለሁ፤ ያልተቆለፈ በር ነው ሰው አክብሮ የሚያንኳኳው እያልኩ። ልጃችን በአባቷ ሳይሆን በእኔ የቤተሰብ ስም ተጠራች፤ አንተም አልከፋህም፤ ቤታችንም ሰላም ነው። ደህና የተቀመጠ ድስት ለምን ይነካል? እንዲህ ነበር የማስበው።

ማታ ሱፍሪዬር የአጎቴ ልጅ ፌርሚና ቤት አረንጓዴ ሙዝ በደረቅ ዓሣ በልተን ስንስቅ አመሸን፤ አንተም አላነሳኸው፣ እኔም አላነሳሁት። በማግስቱ በደቡብ በኩል ወደ ቤት ስንመለስ ሾዋዜልን አልፈን ላቦሪ ስንቃረብ ቀትር ሆነና ሬዲዮው ያን ዜማውን ጀመረ። የሞት ማስታወቂያ ሲጀምር ሞተር እንኳ ድምፁን ይቀንሳል። «በይበልጥ ፓ ዙዙ በመባል የሚታወቁት ሚስተር ክሌዮፋስ ጎደንስ» ሲል ሁለታችንም «ውይ!» አልን። ጣራቸውን የሠራህላቸው ሰው ናቸው፤ ሳይጋቡ አብረዋቸው የኖሩት ማ ክሌመንቲን ደግሞ ያን ዕለት ለሠራተኞቹ ሁሉ ሾርባ አበሉ። ሰውየው ሲታመሙ ያስታመሙ፣ ሲሰክሩ ያስተኙ፣ አብረው ያረጁ ሴት ናቸው። ሬዲዮው ልጆቻቸውን ጠራ። እንግሊዝ አገር ያለውን ወንድማቸውን ጠራ። የእህታቸውን ልጆች፣ የክርስትና ልጆቻቸውን፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩን፣ ጎረቤቶቻቸውን ጠራ። እኔ እየጠበቅኩ ነው። በመጨረሻ፣ «ቁጥራቸው የበዛ ሌሎች» ከማለቱ በፊት፣ «እና ልዩ ወዳጃቸው ክሌመንቲን» አለ።

ልዩ ወዳጃቸው! ዕድሜ ልካቸውን አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር በኋላ! ሬዲዮውን ልሰብረው ነበር። አንተ ቀድመህ አጠፋኸውና መኪናዋን መንገድ ዳር አቆምካት።

«ሌዮ፣ ትናንት ከመኪናው ሥር ያልኩሽን ሰምተሻል» አልከኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«አባ ቶማስን አናግሬያቸዋለሁ። በእኔ በኩል ያለው ሁሉ አልቋል። የቀረው ያንቺ ቃል ብቻ ነው።»

«መንገድህን እይ።»

«መኪናው ቆሟል እኮ።»

«እንግዲያው አስነሳው።»

አስነሳኸው። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልወጣኝም፤ አንተም ያን ቀን ስለ ማንም ጣራ አልተናገርክም። ያን ዝምታዬን እንቢታ አድርገህ ከወሰድከው ይቅር በለኝ፤ እንቢታ አልነበረም። አፌ ላይ የመጣው እሺ ነበር። ግን እሺ ብልህ ያ እሺ የሬዲዮው ነበር እንጂ ያንተ አልነበረም። ስሜ መጨረሻ እንዳይጠራ ብዬ አንተን ላገባ? ያንተን የቀብር ማስታወቂያ እያሰብኩ ልዳር? አንተ እንደዚያ ያለ እሺ አይገባህም ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ ካሪያኩ ሄድክ፤ እኔም እንደዋጥኩት ቀረሁ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ዳቦ ይዤ ማ ክሌመንቲን ዘንድ ሄድኩ። ጥቁር ለብሰው በረንዳ ላይ አተር ይፈለፍላሉ። ዳቦውን ሳላስቀምጥ ሆዴ ውስጥ ያለውን ዘረገፍኩት።

«ማ ክሌመንቲን፣ የሬዲዮው ነገር አንጀቴን በላው። ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት?»

«ምን አደረገኝ?»

«መጨረሻ ላይ የጠራዎት!»

«እኔ ነኛ!»

«እርስዎ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል? ልጆቹ ሲያለቅሱ ለሬዲዮው ሰው በስልክ አንድ በአንድ የነገርኩት እኔ ነኝ። ቁጭ በይ እስቲ። አንቺ ቤትሽ እንግዳ ሲመጣ ቀድመሽ ትበያለሽ? ባለቤት መጨረሻ ነው የሚቆርሰው። የእንግሊዙ ወንድሙ ቢዘለል ያኮርፋል። የእህቱ ልጆች ቢዘለሉ አገር ይረበሻል። እኔ ማን ላይ ላኮርፍ? ራሴ ላይ?»

«ልዩ ወዳጅ ማለቱስ?»

እንደ ልጃገረድ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

«እሱን ዙዙ ነው ያለው። በሕይወቱ እያለ አደራ ብሎኛል። 'ሚስትማ ሰው ሁሉ አለው፤ እኔ ያለኝ ልዩ ወዳጅ ነው፤ እንደዚያ ብለሽ አስነግሪ' ብሎኛል። አገር ሰማልኝ፤ ምን እፈልጋለሁ?» አሉና የዳቦውን ጫፍ ቆርሰው ቀመሱ። «ጨው ትንሽ በዝቷል» አሉኝ ደግሞ።

ከዚያ በረንዳ ስወርድ ንዴቴ የሚቆምበት መሬት አጣ። ሳዝንላቸው የነበሩት ሴት ከእኔ የበለጠ ጠግበው ተቀምጠዋል። ስለዚህ እፎይ፣ ማግባት የለብኝም አልኩ። ስሜ ከዓሣ አጥማጆች በፊት ቢጠራ፣ በኋላ ቢጠራ፣ ምንም ማለት አይደለም። በደስታ ቤቴ ገባሁ። ሊጥ አቦካሁ። ሊጡን እያሸሁ ሳለ ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። ፍርሃቱ ወጥቶ ሄዷል፤ አንተን ማግባት መፈለጌ ግን ተቀምጧል። ማንም ሳይገፋኝ፣ ሬዲዮም ሳያስፈራራኝ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ከሄድክ ወዲህ የሆንኩትን ልንገርህ፣ ሳቅብኝ። በቀደም አሮጊቷ ማ ፖፖ ቤት ዳቦ ላደርስ ሄጄ ቀና ብዬ ጣራዋን አየሁና፣ «ማ ፖፖ፣ ይህን ምስማር ማን ነው ረባዳው ላይ የመታብሽ?» አልኳት። ራሴን ያዝኩት። መንገድ ላይ ሰው «ዛንዶሊ መቼ ነው የሚመጣው?» ሲለኝ ሁለት ጊዜ እንዲጠይቀኝ ጆሮዬን አደነቁራለሁ። የማርስሊንን ባል ሳስብ ኖሬ አንተን ሳላስብ ቀረሁ። አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ «ምግቤስ?» ብትል እኮ ወንበሩን ነው የምወረውርብህ፤ ያን ደግሞ ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ቀለበት አንተን የሚለውጥህ ቢሆን ኖሮ አውሎ ነፋሱም፣ ረሃቡም፣ የናትህ ሞትም ለውጦህ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አባ ቶማስ ዘንድ ሄድኩና «በእኔም በኩል አልቋል» አልኳቸው። አባ ቶማስ ከህንድ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። እጄን ይዘው ደስ አላቸው። «ነገ የመጀመሪያውን የጋብቻ ማስታወቂያ አነባለሁ፤ ሦስት እሁድ ተነቦ ተቃዋሚ ካልተገኘ ትጋባላችሁ» አሉኝ። ደህና አልኩ። እኔ ሞኝ፣ አንድ ነገር አላሰብኩም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። አባ ቶማስ ከቅዳሴው በኋላ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ፤ «የዚህ ደብር ልጅ የሆነው ሴቬሪን ኦገስቲን ኤድዋርድ፣ የዚህ ደብር ልጅ የሆነችውን ሌዮኒዝን ለማግባት አስቧል። የሚያግድ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይናገር።»

ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። የሌዮኒዝን ማንነት ሁሉም ያውቃል፤ ዳቦዋን ጠዋት በልቶ ነው የመጣው። ግን ሴቬሪን ማን ነው? ያን ስም እናትህ ወስደውት መቃብር ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከአንተና ከእኔ፣ ከአባም በቀር የሚያውቀው የለም። ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ።

«ይሄ ሴቬሪን የሚሉት ከየት ነው የመጣው?»

«ከካስትሪስ ይሆናል።» ይሄ ያው ደብዳቤውን ያመጣልህ አልሲድ ነው።

«የባንክ ሰው ነው። ስሙ ራሱ የባንክ ነው።»

«ምስኪን ዛንዶሊ!»

ላስረዳ ብድግ ስል ማ ፖፖ ቀደመችኝ። ከፊተኛው ረድፍ በዱላዋ ተደግፋ ተነሳች።

«አባ! እኔ ነገር አለኝ! ይህቺ ሴት ባል አላት!»

አባ ቶማስ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ባል? ባል አለሽ?» አሉኝ። እኔ መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ፤ ማ ፖፖ መች ፋታ ትሰጣለች!

«አላት እንጂ! እሱ በሰው አገር ጣራ ላይ ፀሐይ እየጠበሰው፣ እሷ እዚህ ሴቬሪን ታገባለች? በአምላክ ቤት? እኔ በሕይወት እያለሁ? ዛንዶሊ ይህን ቢሰማ ከጣራው ነው የሚወድቀው!»

«ዛንዶሊ ማን ነው?» አሉ አባ ቶማስ።

ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ፣ መዘምራኑ ጭምር፣ በአንድ ድምፅ፣

«ባሏ!» አለ።

ዛንዶሊ፣ እኔ በዚያች ደቂቃ የሆንኩትን በወረቀት ልጽፈው አልችልም። ቀስ ብሎ ሲያማን የኖረ ይመስለኝ የነበረው ሰው ሁሉ፣ እኔን ካንተ ላለማለያየት ከመቀመጫው ተነስቷል። እኛ እናገባ አናገባ ስንል ለካ እነሱ ድሮ ድረውናል። እየሳቅኩ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እነሱ ደግሞ ያለቀስኩት አፍሬ መስሏቸው የባሰ ጮሁ። በመጨረሻ መቀመጫው ላይ ወጣሁ፤ አዎ፣ በጫማዬ።

«እሱ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሴቬሪን እሱ ነው!»

«እሱ ማን?» አለች ማ ፖፖ።

«ዛንዶሊ!»

ማ ፖፖ ግራ ተጋብታ ወደ አባ ቶማስ ዞረች።

«ዛንዶሊ ክርስትና ተነስቷል እንዴ?» አለች።

ሳቁን ካሪያኩ ሆነህ አልሰማህም? አባ ቶማስ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ግን እንዳልኩህ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሳቁ ሲበርድ እጃቸውን አነሱና፣ «ተቃውሞ ከተነሳ ተነስቷል፤ ዝም ብዬ ልሰርዘው አልችልም። ሰውየው በሦስተኛው እሁድ ራሱ መጥቶ በሁላችሁም ፊት ማን እንደሆነ ይናገር» አሉ። ማ ፖፖም «እኔም ካላየሁት አላምንም» ብላ ተቀመጠች። አልሲድ ግን ከዳቦ ቤቱ ደጅ ሁለት ጊዜ እየተመለሰ ጠይቆኛል፤ «እርግጠኛ ነሽ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው?» ይለኛል። መንገድ ላይ የሚያወራልህን ሁሉ አትስማው።

አልሲድ ሐሙስ ይመለሳል፤ ቦታ እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ። ያላለቀ ጣራ ካለ ለጓደኞችህ አደራ በል፤ ሲያልቅ ተመልሰህ ታየዋለህ። ሸሚዝህን ራስህ እጠበው፣ እዚህ አታምጣልኝ።

እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው፦ አዎ። በማንም ሞት ያልመጣ፣ ማንም ያላስፈራራብኝ የራሴ አዎ ነው። እኔ የበኩሌን መቀመጫ ላይ ወጥቼ ተናግሬያለሁ። አሁን የቀረው ያንተ ነው፤ ናና «እኔ ነኝ» በላቸው።

ያንተው
ሌዮኒዝ
አንስ ኮራይ፣ ከዳቦ ቤቱ